ነጋዴና እንግዳ በአንድ መንገድ

መንገድ፣ ነጋዴና እንግዳ የሚባሉት ሦስት ቃላት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በግዕዝ ነገደ ማለት ተጓዘ፣ ካገር አገር ሄደ ማለት ሲሆን፣ ሸጠ፣ ለወጠ ማለትም ይሆናል። ነጋዲ የሚለውም ስም ሸቀጡን ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርደውንና ቅዱስ ስፍራ ለመሳለም ከቤቱ የወጣውን መንገደኛ ባንድነት ያመለክታል። ይህ የሆነው በቃል እጥረት አይመስለንም። ሁለቱም በአንድ ዳገት ይወጣሉ፤ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ፤ የለበሱትም አቧራ አንድ ነው። ልዩነታቸው የሚታወቀው ከሰው ደጅ ሲደርሱ ነው። ነጋዴው ዋጋ ይጠይቃል፤ እንግዳው ግን የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ብሎ ማደሪያ ይለምናል።

በዘመናችን በዚሁ መንገድ ላይ ሌላ ዓይነት ተጓዥ ብቅ ብሏል። ይህ ሰው የሚሸጥ ዕቃ አልጫነም፤ ወደ ቅዱስ ስፍራ ቢሄድም የሚሄደው ለራሱ ነፍስ ብቻ አይደለም። ለወዳጆቹና ለሚያውቁት ሁሉ፣ «እኔ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር በእግሬ እጓዛለሁ፤ እናንተም ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የተቻላችሁን ስጡ፤ ገንዘቡም ለችግረኞች ይሁን» ይላል። ነገሩ ሲሰሙት መልካም ነው። ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ግን ቀላል ያልሆነ ጥያቄ ያስነሣል። የአንዱ ሰው ድካም ከሌላው ሰው እንጀራ ጋር ምን ያገናኘዋል? ይህ ተጓዥስ ነጋዴ ነው ወይስ እንግዳ? ጥያቄውን በሐሳብ ብቻ ከምናብላላው ይልቅ ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ ይዘነው ብንወጣ የበለጠ ይገለጽልናል፤ በዚያ አገር የነጋዴውም፣ የተሳላሚውም፣ የተራበውም እግር በአንድ መንገድ ላይ ተመላልሷልና።

አስቀድመን ልማዱን እንወቀው። በ1972 ዓ. ም. ቴሪ ፎክስ የሚባል ካናዳዊ ወጣት፣ በካንሰር ሕመም ምክንያት አንድ እግሩ ተቆርጦ ሳለ፣ ለዚሁ ሕመም ምርምር የሚሆን ገንዘብ ለመሰብሰብ በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሊያቋርጥ ተነሣ። በ143 ቀን 5373 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ሕመሙ ስለ ተመለሰበት አቆመ፤ በሚከተለውም ዓመት ዐረፈ። በስሙ የሚደረገው ሩጫ ግን በብዙ አገሮች ቀጥሏል። በእስጳንያም ወደ ሳንትያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ አለ፤ ከፈረንሳይ ድንበር ሲነሡ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ የመካከለኛው ዘመን የተሳላሚዎች መንገድ ላይ ዛሬ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እየሰበሰቡ የሚጓዙ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። በአገራችንም በ1994 ዓ. ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሕዝብ በዓል ከመሆኑም በላይ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኖ ያገለግላል። ከየደብሩም የሚነሡት መንፈሳዊ ጉዞዎች ብዙ ጊዜ ከተጓዦች ከሚሰበሰበው ገንዘብ የሚተርፈውን ለገዳም መርጃ ወይም ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ያውሉታል። ስለዚህ ልማዱን የባዕድ ነው ብለን በሩቁ ልናልፈው አንችልም።

በዚህ ልማድ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ እንዲህ ይላል። ሰጪው ገንዘብ አለው፤ ችግረኛውም መኖሩን ያውቃል። ታዲያ ወዲያውኑ እንዳይሰጥ ምን ከለከለው? ለምን አንድ ሰው እግሩ እስኪላጥ ድረስ ይጠብቃል? ድካም በራሱ ዳቦ አይሆንም፤ የተጓዡ ላብ ወደ ተራበው ሰው ማሰሮ አይገባም። እንዲያውም ሰጪው ለርኅራኄ ሳይሆን ለትርኢት የከፈለ፣ ተጓዡም ድካሙን በኪሎ ሜትር ሰፍሮ የሸጠ ሊመስል ይችላል።

ይህ ተቃውሞ በከፊል እውነት አለው። ድካም የምጽዋት ዋጋ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳየናል። በሚያዝያ ወር 2012 ዓ. ም. ቶም ሙር የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ 25 ሜትር በሚሆን የግቢያቸው መንገድ ላይ በመደገፊያ እየታገዙ መቶ ጊዜ ተመላለሱ። ጠቅላላ የሄዱት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ለአገራቸው የጤና አገልግሎት መርጃ የተሰበሰበው ግን ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። ሕዝቡ የከፈለው ለርቀቱ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ገንዘብ ባልመጣም ነበር። እንግዲያስ የተጓዡ እግር የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ያ ሥራ መልእክተኛነት ነው። ሰው በሩቅ ያለውን መከራ በወሬ ያውቀዋል እንጂ አያየውም፤ ያላየውንም ነገር ለነገ ያሳድረዋል። አንድ የሚያውቀው ሰው ስለዚያ መከራ ሲል ተነሥቶ ሲሄድ ግን የሩቁ ነገር ወደ ደጁ ይቀርባል።

እኛም ብንሆን ይህን ጥበብ ከጥንት እናውቀዋለን። ከአውራ ጎዳና ዳር ሥዕል ይዘው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚለምኑትን ሰዎች ያላየ የለም። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ይቆማሉ፤ ድካማቸው ግን የሚሸጥ አይደለም። አላፊ አግዳሚው ስማቸውን አይጠይቅም፤ እነርሱም አይናገሩም። የሚታየው ሥዕሉ ነው፤ የሚነገረውም የደብሩ ስም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለ፣ ለአንድ ገጠር ደብር የከበደው ነገር በብዙ መንገደኛ ሳንቲም ይቃለላል።

አሁን ወደ ዋግ እንውጣ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ መካከለኛው አገር ሲጋዝ ከሚያርፍባቸው የታወቁ ገበያዎች አንዷ ነበረች። የዋግሹሞች መቀመጫም ስለ ነበረች፣ ዐፅማቸው የተቀመጠበት፣ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። በአገሩ ኽምጣጛን የሚናገረው የአገው ሕዝብ ይኖራል። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ ላስታ ገብቶ በብልባላ ያልፋል፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በመጨረሻም ቅዱስ ላሊበላ ሁለተኛይቱ ኢየሩሳሌም ትሆን ዘንድ ያነጻት ናት ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ከቤተ መቅደሱ በስተ ኋላ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከማችቶ ይታያል፤ በአገሩ ትውፊት ከሩቅ አገር መጥተው በዚያው የቀሩ ተሳላሚዎች ዐፅም ነው ይባላል። ተሳላሚነት እስከ ሕይወት ፍጻሜ የሚደርስ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ የሚውለውን የልደት በዓል ለማክበር ከዋግ፣ ከላስታ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሌላውም አገር ብዙ ሕዝብ በእግሩ ወደ ላሊበላ ይጓዛል። አንዳንዱ ከቤቱ የሚነሣው ሳምንታት አስቀድሞ ነው። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው፤ ጫማ የሌለውም አለ። ስለት ያለበት ስለቱን ይዞ፣ የታመመ ልጅ ያለው ልጁን አዝሎ ይሄዳል። ይህ ሰው ስለ ድካሙ ከማንም ገንዘብ አይጠብቅም፤ ድካሙን ለፈጣሪው አቅርቦታል።

ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ ሌላ የሚደነቅ ነገር አለ። የላሊበላ ሰዎች የመጣውን ተሳላሚ ተቀብለው እግሩን ያጥቡታል፤ ያላቸውንም አቅርበው ያበሉታል፣ ያጠጡታል። በመንገዱም ላይ ያለው ገበሬ የመሸበትን ተሳላሚ ያሳድራል። ታኅሣሥ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወር በመሆኑ በደግ ዓመት ለእንግዳ የሚቀርብ አይጠፋም፤ በክፉም ዓመት ቢሆን ደጅ መዝጋት ነውር ነው። በዋግ ውሃ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ለእግር ማጠቢያ የሚፈሰው ውሃ ብዙ ጊዜ የሴቶችና የልጆች ጀርባ ከሩቅ ያመጣው ነው። እንግዲህ ልብ ብለን እንመልከት። በዚህ መንገድ ላይ መጽዋቹ ማን ነው? የተቀበለውስ ማን ነው? ብዙ ኪሎ ሜትር የተጓዘው ሰው ተቀባይ ሆኖ ይገኛል፤ ከደጁ ሳይነቃነቅ የቆየው ድኻ ገበሬ ደግሞ ሰጪ ሆኗል።

የአብነት ተማሪውም ሕይወት ይህንኑ ያስተምረናል። አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ይለምናል። የሚለምነው ስንቅ ከቤቱ ስላጣ ብቻ አይደለም፤ የሀብታም ልጅም ቢሆን ከቤቱ ርቆ ለምኖ ይማር ነበር። መለመን የትምህርቱ ክፍል ነበረ። ነገ መምህር ወይም አለቃ ሲሆን ከማን እጅ በልቶ እንዳደገ እንዳይረሳው፣ አስቀድሞ መቀበልን ይማራል ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ የሚፈተነው ግን በሌሎቹ የዋግ መንገደኞች ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ. ም. ዝናም ቀርቶ፣ ጦርነትም ተጨምሮበት፣ ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮረም ተጓዘ። ሽማግሌው ተደግፎ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ የተሳላሚውን ያህል ምናልባትም ከዚያ የሚበልጥ መንገድ በእግራቸው ሄዱ። በየመንገዱ የወደቀውን መሬት ያውቀዋል። በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል የገባላቸው አልነበረም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ. ም. የኮረም ሁኔታ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ የሰፊው ዓለም ልብ አልተነሣም፤ ከዚያ በኋላ ግን ርዳታው ጎረፈ፤ ሐምሌ 6 ቀንም በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደርጎ ብዙ ገንዘብ ተሰበሰበ። በ2014 ዓ. ም. እንደገና፣ በጦርነት ምክንያት ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ሰዎች በእግራቸው ወደ ሰቆጣ ገብተው ተጠለሉ፤ የሰቆጣም ሕዝብ ራሱ ተቸግሮ ሳለ ከነርሱ ጋር ተካፈለ።

ከዚህ ላይ በፈቃድ የሚደክም ሰውና ሳይወድ በግድ የሚደክም ሰው አንድ አለመሆናቸው ይታያል። ፊተኛው በደከመው ጊዜ ሊያርፍ ይችላል፤ ቢታመም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሲጨርስም ይመሰገናል። ኋለኛው ማረፊያ የለውም፤ ሲደርስም የሚያጨበጭብለት የለም። ስለዚህ ለበጎ አድራጎት የሚጓዝ ሰው፣ የተራበውን መከራ በራሴ ላይ ቀመስሁት ብሎ ቢናገር ይሳሳታል። የቀመሰው ድካምን ነው እንጂ ተስፋ ማጣትን አይደለም። ይህን ልዩነት የረሳ ተጓዥ፣ ሳያስበው፣ በሌላው ሰው መከራ ለራሱ ክብር የሚገዛ ነጋዴ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች በዚህ ጊዜ፣ «ለተራበ ሰው የሰጪው አሳብ ምን ይረባዋል? ዱቄቱ ከደረሰው ይበቃል» ይላሉ። ይህን አባባል እንዲያው አንንቀውም። በእውነቱ ሕፃኑ በረኃብ ሲያለቅስ የሰጪውን ልብ ለመመርመር ጊዜ የለም፤ በትዕቢትም የተሰጠ እህል ነፍስ ያድናል። ይሁን እንጂ ሰው በዱቄት ብቻ የሚኖር ፍጥረት አይደለም፤ ክብርም አለው። በ1977 ዓ. ም. ርዳታ ያመጣው ሥዕል ብዙ ሕይወት አድኗል፤ ነገር ግን ያው ሥዕል ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር የኢትዮጵያን ስም ከረኃብ ጋር አጣብቆታል። በታኅሣሥ ወር የእንግዳ እግር ያጠበው የዋግ ሰው፣ ከሁሉ ነገሩ እጁን መዘርጋቱ ብቻ ተለይቶ ለዓለም ታየ። ምጽዋት ሰውን ከሞት አድኖ ስሙን ቢቀብረው ሥራው ጎደሎ ነው እንላለን።

ወንጌል ምጽዋት የሚሰጥ ሰው በፊቱ መለከት እንዳያስነፋ፣ የቀኝ እጁን ሥራ ግራ እጁ እንዳያውቀው ያዝዛል። ታዲያ ለብዙ ሰው ሳይናገሩ ገንዘብ መሰብሰብ እንዴት ይቻላል? ለዚህ መልሱ ከጃንጥላው ሥር ያለው ይመስለናል። መለከቱ ለችግረኛው ጉዳይ ቢነፋ ጥሪ ነው፤ ለተጓዡ ስም ቢነፋ ግን ውዳሴ ከንቱ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዱ ሦስት መመዘኛዎችን እናቅርብ።

አንደኛ፣ ተጓዡ ከመነሣቱ በፊት የአገሩን ሰው ጠይቋልን? ለዋግ ሰው የጎደለው የውሃ ጉድጓድ ይሁን፣ የዘር እህል ይሁን፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ ይሁን የሚያውቀው የዋግ ሰው ነው። ሳይጠየቅ የተሰጠ ስጦታ ብዙ ጊዜ የሰጪውን ምኞት ይሞላል እንጂ የተቀባዩን ጉድለት አይሞላም።

ሁለተኛ፣ በመንገዱ ላይ ሸክም ሆኗልን? ረዥም ጉዞ ስንቅ፣ መጓጓዣና ማደሪያ ይፈልጋል። ለጉዞው የወጣው ከተሰበሰበው ገንዘብ ቢበልጥ ወይም ቢቀራረብ፣ ተጓዡ ሽርሽር ሄዶ ስሙን ምጽዋት ብሎታል ማለት ነው። በውሃ እጥረት በሚቸገር መንደርም ብዙ ሆኖ ሰፍሮ ምንጩን የሚያደርቅ ማኅበር ለዚያው መንደር ውሃ ልቆፍር ቢል ያሳዝናል።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡን ለሁለቱም ወገን አቅርቧልን? ለሰጪዎች ሒሳብ ማቅረብ የተለመደ ነው፤ በስሙ ለተለመነለት ሕዝብ ግን ይህን ያህል በስማችሁ ተሰብስቧል፣ ለዚህም ውሏል ብሎ የሚናገር ጥቂት ነው። ሰው በስሙ የተለመነውን ገንዘብ የማወቅ መብት እንዳለው መዘንጋት የለበትም።

እነዚህን መመዘኛዎች ያለፈ ተጓዥ መጽዋች ነኝ ማለቱን ይተውና ባለዕዳ ነኝ ይላል። ከመንገዱ ዳር የጠጣውን ውሃ፣ የታጠበበትን ገንዳ፣ ያደረበትን ጎጆ ያስታውሳል። የሚሰበስበውም ገንዘብ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የተቀበለው እንግድነት ብድር ይሆናል። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ ያነሣነው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ድካሙን በኪሎ ሜትር ሰፍሮ ክብር የሚገዛበት ነጋዴ ነው። የተቀበለውን አስቦ ብድሩን ለመመለስ የሚደክመው ግን እንግዳ ነው፤ ድካሙም የሚሸጥ ሳይሆን የምስጋና ምልክት ነው።

ይህ ነገር በተለይ የሚመለከታቸው አንባቢዎቻችን አሉ። መምህር ተማሪዎቹን አስከትሎ ለመርጃ የሚሆን ጉዞ ሲያዘጋጅ፣ ከጉዞው በፊት ስለሚረዱት ሕዝብ ታሪክ፣ ቋንቋና ልማድ ቢያስተምራቸው፣ ሲመለሱም ምን ሰጣችሁ ብቻ ሳይሆን ከማን ምን ተቀበላችሁ ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ጉዞው ራሱ ትምህርት ቤት ይሆናል። ተማሪው በበኩሉ ወጣት እግሩ ለበጎ ሥራ መሣሪያ እንዲሆን መመኘቱ የሚያስመሰግነው ነው፤ ብቻ የመንገዱን ሰዎች ለጉዞው ታሪክ ማድመቂያ አያድርጋቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ አንድ ነገር ያስብ። የአንድ አገር ችግረኛ ሁልጊዜ በደግ ሰዎች እግር ላይ ተማምኖ እንዲኖር ማድረግ አይገባም። ጉድጓዱና መንገዱ፣ ክሊኒኩና የእህል ጎተራው አስቀድሞ በጊዜው ቢዘጋጅ፣ በክፉ ቀን ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮረም ባልተጓዘም ነበር። የበጎ ፈቃደኛ ጉዞ የጎደለውን ይሞላል እንጂ ግዴታን አይተካም።

የዋግ ደጋ መንገድ የጨውን ነጋዴ፣ የልደትን ተሳላሚ፣ የተራበውንና የተፈናቀለውንም አሳልፏል። የአገሩም ሰው ለሁሉም እንደ አቅሙ ደጁን ከፍቷል። ከእንግዲህ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ስለ ሌላው ሲል የሚጓዝ ሰው ቢበዛ ደስ ይለናል። ዳሩ ግን ሰጥቶ ከመመለሱ በፊት በእንግድነት መቀመጥን ይወቅ፤ እግሩን የሚያጥበውን ሰው ስሙን ይጠይቅ፤ ወደ አገሩም ሲመለስ ከራሱ ድካም ይልቅ የዚያን ሰው ደግነት አስቀድሞ ያውራ።